ጨረቃዋ እሁድን አትጠብቅም

በሮም ምሥራቅ በኩል፣ በካዚሊና ጎዳና ዳር፣ ቶርፒኛታራ የሚባል ሰፈር አለ። ከባንግላዴሽ የመጡ ሰዎች በብዛት ስለሚኖሩበት የከተማው ሰው ባንግላታውን ይለዋል። ከነዚህ ቤንጋሎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሂንዱዎቹ ቁጥራቸው ቢያንስም በየዓመቱ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ የዱርጋን በዓል ሳያከብሩ አያልፉም። ዱርጋ ዐሥር እጅ ያላት፣ ከአንበሳ ጋር የምትሣል፣ ጎሽ መስሎ የመጣባትን ጋኔን በጦር የምትወጋ እናት ናት፤ ጊዮርጊስን ግድግዳ ላይ እያየ ላደገ ሰው አሣሣሏ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ምስሏ በቤንጋል ወግ የሚሠራው ከወንዝ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ቀርከሃ ይቆማል፣ በቀርከሃው ላይ ጭድ ይታሰራል፣ በጭዱ ላይ ጭቃ እየተለጠፈ ፊት፣ ክንድና ጣት ይወጣለታል፤ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል፣ ዓይኗ የሚሣለው በመጨረሻ ነው። በዐሥረኛው ቀን በከበሮ ታጅባ ወንዝ ትወርድና ጭቃው ወደ ጭቃነቱ ይመለሳል። ከአገር ውጭ ባሉ ብዙ ከተሞች ግን ወንዝ አትወርድም፤ ተጠቅልላ ለከርሞ ትቀመጣለች። ስደት በዓል ላይ የሚሠራውን ሥራ ለማየት ይህች ተጠቅልላ የምትቀመጥ ምስል ትበቃለች።

በዓሉ በተወለደበት አገር የክረምት መውጫ ነው። በቤንጋል ከሰኔ ጀምሮ ሲወርድ የከረመው ዝናብ በመስከረም መጨረሻ ግድም ያባራና ሰማዩ ይጠራል። በወንዝ ዳር ካሽ የሚሉት ረጅም ሣር ነጭ አበባውን ያወጣል፤ ሺዩሊ የምትባለው አበባ ደግሞ ሌሊት ፈክታ ጎህ ሲቀድ መሬት ላይ ትረግፋለች። ቤንጋሊ ካሹ ሲነጣ ካየ ዱርጋ እንደደረሰች ያውቃል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ አደይ አበባ ማለት ይበቃል። ተመሳሳይነቱም የአጋጣሚ ብቻ አይደለም። የኛንም ክረምት የነሱንም ክረምት የሚያመጣው ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር አብሯት የሚወጣው የዝናብ ቀበቶ ነው፤ ሁለቱም በሰኔ ይገባሉ፣ ፀሐይ ስትመለስም ይወጣሉ። እንግዲህ ከጎንደርም ይምጣ ከዳካ፣ ሮም የገባ ሰው የሚገጥመው ነገር አንድ ነው። ሮም ውስጥ ጁላይና ኦገስት ደረቅ ናቸው፤ ዝናቡ የሚበረታው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። ዝናቡ አባራ፣ ጭቃው ጠገገ ብሎ የሚያመሰግነው ሰው እዚህ ለበዓሉ የሚወጣው ጃንጥላ ይዞ ነው።

ታዲያ ወቅቱ የከዳው በዓል ምን ይዞ ይቀራል? አበባው የለም፣ ዝናቡ ተገላቢጦሽ ነው፣ አዝመራውም የሌላ ሰው ነው። ሳይለወጥ የተሻገረው ቀኑ ብቻ ነው። ክርክሬ ይኸው ነው፦ ወቅቱን ያጣ በዓል ቀኑንም ከተቀማ የሚቀረው ድግስ ብቻ ስለሆነ፣ በሮምም ሆነ በሌላው የስደት ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን መስቀልንና እንቁጣጣሽን፣ ገናንና ጥምቀትን ወደሚቀርበው እሁድ ማሸጋሸጋችንን ልናቆም ይገባል። ድግሱ ይሸጋሸግ፤ ቀኑ አይነካ። ለዚህ ክርክር ምስክር የምጠራቸው ሂንዱዎቹን ነው፤ ምክንያቱም በዚህች አገር ስለ ቀን ተከራክረው በሕግ ካስጻፉት መካከል ናቸው። ነገሩ የቀን አቆጣጠር ነገር ስለሆነ አስቀድሜ ልናገር፦ ከዚህ በታች የተለየ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጣሊያን ሕገ መንግሥት በ8ኛው አንቀጹ ከካቶሊክ ውጭ ያሉ ሃይማኖቶች ከመንግሥት ጋር በስምምነት ግንኙነታቸውን እንዲወስኑ ይፈቅዳል። የጣሊያን ሂንዱዎች ኅብረት በዚህ በር ገብቶ በኤፕሪል 2007 ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ፤ ፊርማው ሕግ እስኪሆን ግን አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወሰደና በዲሴምበር 31 ቀን 2012 ቁጥር 246 ተብሎ ጸደቀ። ሕጉ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቀብር፣ ሰው ከገቢ ግብሩ ለሃይማኖት ድርጅት ስለሚመድበው ኦቶ ፔር ሚሌ ብዙ ይዘረዝራል። እኔን የገረመኝ ግን ስለ በዓል የሚናገረው ክፍል ነው። ዲፓቫሊን፣ ብዙ ሰው ዲዋሊ የሚለውን የብርሃን በዓል፣ ሂንዱ ሠራተኛ ጠይቆ እንዲያከብር መብት ይሰጣል፤ ቀኑንም በፀሐይ አቆጣጠር አይቆርጠውም። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ጨረቃ የምትጠፋበት ቀን ነው ይላል። ኅብረቱ የዓመቱን ቀን እስከ ጃንዋሪ 15 ለአገር ውስጥ ሚኒስቴር ያሳውቃል፣ ቀኑም በመንግሥት ጋዜጣ ይታተማል። ልብ በሉ፣ ለክርክር ሲቀመጡ ለመንግሥት የሚመቸው የኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ቢባል ነበር። በዚያው ቀን በጸደቀው በሌላው ሕግ ለቡድሂስቶቹ የቬሳክ በዓል የተቆረጠው የሜይ የመጨረሻ ቅዳሜና እሁድ ነው። ሂንዱዎቹ ግን ጨረቃዋን ይዘው ገቡ፣ የጣሊያን ሕግም ጨረቃን መቁጠር ግድ ሆነበት።

በጨረቃዋ መጽናታቸው የግትርነት አይደለም፤ ዲፓቫሊ ያለሷ ትርጉም የለውም። ሰሜኖቹ አምላካቸው ራማ ከስደት ወደ አገሩ የተመለሰበት ሌሊት ነው ይላሉ፣ ደቡቦቹ ናራካሱራ የሚባለው ጨካኝ የተገደለበት፣ ቤንጋሎቹ ካሊ የምትባለው እናት የምትመለክበት፤ የጉጅራት ነጋዴ ደግሞ የሒሳብ መዝገቡን ዘግቶ አዲስ የሚከፍትበት ነው። ታሪኩ ይለያይ እንጂ ሥርዐቱ አንድ ነው፦ በወሩ እጅግ በጨለመው ሌሊት መብራት ማብራት። መብራቱም ትልቅ ነገር አይደለም፤ ከመዳፍ የምታንስ የሸክላ ሳህን፣ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተጠቀለለ የጥጥ ክር፣ ጫፉ ከከንፈሯ ወጣ ብሎ። ለዚህች ኩራዝ ግርማ የሚሰጣት በዙሪያዋ ያለው ጨለማ ነው። የህንድ ዝናብ ሮም ድረስ አይመጣም፣ የህንድ ሩዝ ላዚዮ ውስጥ አይታጨድም፤ ጨረቃ ግን ለሮምና ለዳካ በአንድ ቅጽበት ትጠፋለች። እንዲያውም በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሶ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሲመሽ፣ የሮም ሌሊት ከዴልሂ ሌሊት የበለጠ ለዲፓቫሊ ይስማማል ብል አላጋነንኩም። አሁን በዓሉን ጥቂት ቀን አሸጋሽጋችሁ እሁድ አድርጉት። ኩራዞቹ በረንዳ ላይ ተደርድረዋል፣ ከጣራው በላይ ደግሞ የተቆረሰች ጨረቃ ወጥታለች። ኩራዟ ያንኑ ያህል ትበራለች፤ የበራችበት ምክንያት ግን ቀርቷል።

ጨረቃን ብቻ የሚከተል ሰው ወቅትን ያጣል የሚል ካለ፣ ሂንዱዎቹ ይህን ከኛ ባልተናነሰ ያውቁታል። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ስለሚሆን ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያጥራል። የእስልምና አቆጣጠር ይህን እንዳለ ተቀብሎታል፤ ረመዳን በክረምትም በበጋም እየዞረ ይውላል፣ ያም የራሱ ጥበብ አለው። ሂንዱዎቹ ግን በዓሉ ከአዝመራው እንዲርቅ አልፈለጉም፤ ፀሐይ ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላው ሳትሻገር ጨረቃ ወሯን ከጨረሰች ያ ወር ትርፍ ነው ብለው ይደግሙታል። በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወር ይመጣል። ዲፓቫሊ በ2023 ኖቬምበር 12 ነበር፣ በ2024 ወደ ኦክቶበር 31 ወረደ፣ በ2025 ወደ 20፤ በ2026 ትርፍ ወር ስለገባ ተመልሶ ኖቬምበር 8 ላይ ይውላል። እንደ ዥዋዥዌ ነው፤ ይወዛወዛል፣ ከገመዱ ግን አይወጣም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 የሚሞሉት፣ ንዑስ ቀመርም በ19 ዓመት የሚዞረው ጨረቃን ከፀሐይ ለማስታረቅ አይደለም እንዴ? በ19 ዓመት 7 ትርፍ ወር የሚገባው በነሱም ቤት ነው። ፋሲካ ሁልጊዜ እሁድ ነው፣ ታዲያ እሁድ ምን አደረገ የሚለኝ ካለ መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ትውፊቱ እንደሚለው ባሕረ ሐሳብን የቀመረው ድሜጥሮስ የተመኘው ነነዌ ከሰኞ፣ ዕርገት ከሐሙስ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሁድ እንዳይወጡ ነው። የትንሣኤ እሁድ ከጨረቃዋ ሙላት በኋላ ተፈልጎ የሚገኝ እሁድ ነው፤ አዳራሽ ስለተገኘ የተመረጠ እሁድ አይደለም።

ለነገሩ ሮም ራሷ ስለ ቀን ከማንም በላይ የተቀጣች ከተማ ናት። ከጁልየስ ቄሣር በፊት ትርፍ ወር የሚጨምሩት ካህናቱ ነበሩ፤ ሲመቻቸው ይጨምራሉ፣ ሳይመቻቸው ይተዋሉ። የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶንየስ እንደጻፈው መጨረሻ ላይ የአጨዳ በዓል በበጋ፣ የወይን ለቀማ በዓልም በወቅቱ መዋሉ ቀረ። ቄሣር ይህን ለማቅናት ከክርስቶስ ልደት በፊት 46ኛውን ዓመት 445 ቀን አደረገው፤ አንድ አገር በዓሉን ከእርሻው ጋር ለማስታረቅ ሲል አሥራ አምስት ወር ያህል የሚረዝም ዓመት ኖረ ማለት ነው። በ1582 ደግሞ ፋሲካ ከጸደይ እየራቀ ሲሄድ ጳጳሱ ግሪጎሪዮስ 13ኛ 10 ቀን ቆርጠው ጣሉ፤ የሮም ሰው ኦክቶበር 4 ማታ ተኝቶ ኦክቶበር 15 ነቃ። (እኛ ያን ሌሊት ስላልተኛን ነው ገናን እስከ ዛሬ ከነሱ ተለይተን የምናከብረው።) ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው የሚል ካለ የ1977ን እንመልከት። በዚያ ዓመት የጣሊያን መንግሥት ኢኮኖሚው ስለተቸገረ የሥራ ቀን ይጨምርልኝ ብሎ በዓላትን ቀነሰ። ኤፒፋኒያ፣ ቅዱስ ዮሴፍ፣ ዕርገት፣ ኮርፑስ ዶሚኒ፣ ጴጥሮስና ጳውሎስ ከሥራ መዝጊያ ቀንነት ተሠረዙ፤ የሪፐብሊኩ ቀን ጁን 2 እና የኖቬምበር 4 መታሰቢያ ወደ እሁድ ተዛወሩ። ስምንት ዓመት አልፎ በ1985 ኤፒፋኒያ ተመለሰ፤ ለሮምም ጴጥሮስና ጳውሎስ ተመለሱላት። ጁን 2 ግን ከሃያ ዓመት በላይ በእሁድ ውስጥ ተደብቆ ከርሞ በ2000 በወጣ ሕግ ወደ ቀኑ ተመለሰ። ቀኑን መልሱ የተባለው በእሁድ ሰልፍ ስለማይቻል አልነበረም፤ ሪፐብሊክ የተመረጠበት ቀን እንደማንኛውም የዕረፍት ቀን ሆኖ መረሳቱ ስለታየ ነው። ዛሬ የሮምን ሰው ፌራጎስቶን ከኦገስት 15 ወደሚቀርበው እሁድ እናዛውረው ብትሉት ይስቅባችኋል። እሱ በዓሉ ሐሙስ ላይ ከዋለ ዓርብን ፖንቴ ብሎ ድልድይ ያደርግና አራት ቀን ያርፋል፤ ዕረፍቱን ወደ በዓሉ ይስባል እንጂ በዓሉን ወደ ዕረፍቱ አይስብም።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ከሂንዱዎቹ ከራሳቸው ቤት የሚነሣው ነው። የዱርጋ በዓል መጀመሪያ የጸደይ ነበር፤ ዛሬም ባሳንቲ ፑጃ ተብሎ በጸደይ የሚያከብሩ አሉ። የመጸው በዓሉ ምክንያት ተብሎ የሚነገረው በቤንጋሊ የተጻፈው የክሪቲባስ ራማያና ያቆየው ታሪክ ነው፦ ራማ ከጠላቱ ከራቫና ጋር ለመዋጋት ሲነሣ ጊዜዋ ሳይደርስ ዱርጋን ቀሰቀሳት። ስሙም አካል ቦዶን ይባላል፣ ያለጊዜ መቀስቀስ እንደማለት ነው። የቤንጋል ትልቁ በዓል በስሙ ጭምር የተዛወረ መሆኑን የሚመሰክር ከሆነ፣ ቶርፒኛታራ ላይ ሦስት ቀን ቢዛወር ምን ነውር አለው? ጥያቄው ለኛም ይመጣል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ንግሥት እሌኒ ደመራ አስደምራ በጢሱ ተመርታ ቁፋሮ ያስጀመረችው መስከረም 17 ነው፤ መስቀሉ የተገኘው ግን መጋቢት 10 ነው። መጋቢት ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ታላቁ በዓል በመስከረም እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ የኛም መስቀል፣ የነሱም ዱርጋ፣ ሁለቱም የተዛወሩ በዓላት ናቸው፤ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም ከጸደይ ተነሥተው ክረምት ሲወጣ ነው ያረፉት። ይህን ማስተባበል አልፈልግም፤ ክርክሬን የሚያጠራልኝ እንዲያውም ይህ ነው። እነዚህ በዓላት የተዛወሩት አንድ ጊዜ ነው፣ ሕዝብ በሙሉ ተከትሏቸዋል፣ የሄዱትም ወደ አበባውና ወደ ጠራው ሰማይ ነው፤ ከዚያም እዚያው ተተከሉ። ተተክለው ከቆዩ በኋላ ማንም በየዓመቱ አልነቀላቸውም። የእሁድ ማሸጋሸግ ግን የሚደረገው በየዓመቱ እንደ አዲስ ነው፣ ቦታውም አይታወቅም፤ ዘንድሮ ከበዓሉ በፊት ያለው እሁድ ይሆናል፣ ለከርሞ ከበዓሉ በኋላ ያለው፣ የሚወስነውም የአዳራሹ ኪራይ ነው። አንዱን ከተማ ትታችሁ ሌላው ብትሄዱ በዓሉ አንድም አልፏል፣ አለዚያም ገና ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሰውን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው ስለሆነ አክብሬ እመልሰዋለሁ። ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ ጀምሮ ሮም የመጡ ኢትዮጵያውያትና ኤርትራውያት ሴቶች ብዙዎቹ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆነው ነው የኖሩት። ለቤት ሠራተኛ የሚሰጠው የዕረፍት ወግ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ነው። ሐሙስና እሁድ የስደት ማኅበረሰባችን ሁለት እግሮች ናቸው፤ እድሩም፣ ማኅበሩም፣ የቡናው ወሬም በነዚህ ቀኖች ቆሟል። ዛሬም አሮጊት የምትጠብቅ ባዳንቴ ማክሰኞ ላይ ዛሬ መስቀል ነው ብላ አልጋ ላይ የተኛችውን ሴትዮ ትታ አትወጣም። ይህችን ሴት ቀኑን ካልጠበቅሽ በዓል አላከበርሽም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እኔም አልልም። የምለው ሁለቱን ነገር እንለይ ነው። በዓል ሥርዐት አለው፣ ድግስም አለው። ሥርዐቱ ብዙ ሰዓት አይፈጅም፤ ሂንዱዋ ሴት ከሥራ መልስ ኩራዟን ለኩሳ ሁለት ቃል ጸልያ ትተኛለች፣ እኛም ዘንድ በቀኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ካህንና ጥቂት ሰው፣ ቤቱ የቀረም በሩ ላይ አንዲት ችቦ፣ ያም ካልተቻለ አንድ ሻማ ይበቃል። ድግሱ፣ ዶሮው፣ ሙዚቃው፣ የልጆቹ ልብስ እሁድን ቢጠብቅ ማንም አይጎዳም። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ያሉ ቤንጋሎች አምስት ቀን የሚፈጀውን የዱርጋ በዓል ጨምቀው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያከብሩታል፤ ሂንዱ ሁሉ ቀኑን ይጠብቃል የሚል ተረት እንዳልነግራችሁ ነው ይህን የማነሣው። ግን በዚያውም ቀኑ ሲደርስ በየቤታቸው የሚጾሙና የሚጸልዩ አሉ፤ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ቀኑ መቼ እንደዋለ እያወቁ ነው። የሚያስፈራኝ ለልጆቻችን የመስቀል ቀን እሁድ ሆኖ መቅረቱ ነው። መስከረም 17 የሚለው ቁጥር ከአፋቸው ከጠፋ የሚጠፋው አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ሌላ ሰማይ እንዳለ፣ ያ ሰማይ አሁን እየጠራ እንደሆነ የሚነግራቸው የመጨረሻው ነገር ነው።

የሂንዱዎቹ ሕግ የወረቀት ላይ ነብር ነው የሚሉም አሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። መብቱ የሚሠራው የሥራው ሁኔታ በፈቀደ መጠን ነው፣ አስፈላጊ የሚባሉ አገልግሎቶችም ከሱ ውጭ ናቸው። የሚመለከተውም በኅብረቱ ሥር ያሉትን ነው። ኅብረቱን በመምራት ደግሞ ወደ ሂንዱ እምነት የገቡ ጣሊያናውያን ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ በሊጉሪያ ተራራ ላይ ካለ ገዳም ተነሥተው ሮም ሚኒስቴር ድረስ የተመላለሱት እነሱ ናቸው። ሌሊት ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ወይም በኤስኩዊሊኖ ገበያ ባሚያና ቃሪያ የሚሸጠው ቤንጋሊ ስለዚህ ሕግ ሰምቶ ይሆን? ቢሰማስ አሠሪውን ለመጠየቅ ይደፍራል? እኔ ግን የሕጉን ዋጋ በተገኘው የዕረፍት ቀን ቁጥር አልለካውም። ሕጉ ማኅበረሰቡን ራሱን አንድ ነገር አስገድዶታል፦ እስከ ጃንዋሪ 15 አንድ ቀን ቆርጦ በጽሑፍ ማቅረብ። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የጨረቃ ቀን 24 ሰዓት አይደለም፤ ከ19 እስከ 26 ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ እኩለ ቀን ላይ ሊጀምርም ይችላል። በ2024 ህንድ ውስጥ ሊቃውንቱ ዲፓቫሊ ኦክቶበር 31 ነው፣ ኖቬምበር 1 ነው እያሉ ተከፋፍለው ነበር። ሮም ደግሞ ከዳካ አራት ወይም አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስሌቱ እዚህ ሲደርስ ቀን ሊለውጥ ይችላል። ይህን ሁሉ ተከራክሮ አንድ ቀን መጻፍ፣ በመንግሥት ጋዜጣ ላይም ማሳተም፣ አንድ ማኅበረሰብ እኔ አለሁ የሚልበት መንገድ ነው። የአይሁድ ማኅበረሰብ በ1989፣ አድቬንቲስቶችም በ1988 ቅዳሜያቸውን በሕግ አስከብረዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም፤ በ2012 ሕግ ሆኖ የወጣው የኦርቶዶክሶች ስምምነት የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሀገረ ስብከትን እንጂ የኛን አይመለከትም። ሙስሊሞቹም፣ በቁጥር ከሁላችን የሚበልጡት፣ የላቸውም፤ ስለዚህ ነገሩ በብዛት የሚገኝ አይደለም።

ጣዖት ከሚያመልክ ሰው ስለ በዓል ምን እንማራለን የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለሱ የምለው አጭር ነው። እምነታቸውን ተቀበሉ የሚል የለም፤ በኃይለ ሥላሴ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን የህንድ መምህራን ከነእምነታቸው ነበር የመጡት፣ ከነሱ የተማርነውም ሒሳቡን ነው። አሁንም የምንማረው ሒሳቡን ነው። ቫቲካን እንኳ በየዓመቱ ለዲፓቫሊ ለሂንዱዎች የመልካም ምኞት መልእክት ትልካለች፤ የምትልከውም ለዲፓቫሊ ቀን ነው እንጂ ለሚቀርበው እሁድ አይደለም።

የኛ ሥራ ከነሱ ይቀላል። ጨረቃ ማስላት የሚፈልጉት ፋሲካና ከሱ ጋር የሚንቀሳቀሱት ብቻ ናቸው፣ እነሱንም ባሕረ ሐሳብ ከቆጠራቸው ስንት ዘመን ሆኗል። የተቀሩት ቀናቸው የተተከለ ነው። የሮም ካህናትና የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የዓመቱን በዓላት በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ገጽ ቢጽፉና እስከ ጃንዋሪ 15 በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየአሠሪው እጅ ቢደርስ የሚያስፈልገው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። በመንግሥት ጋዜጣ የሚታተምበት ጊዜ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ላይ ለመለጠፍ ግን ሕግ አያስፈልግም። አሠሪም ቢሆን ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ የተነገረውንና በዋዜማው ማታ የተለመነውን እኩል አይመለከትም። በ2026 ቀኑ ለሁላችንም ተመቻችቶ መጥቷል፤ መስቀል ሴፕቴምበር 27 እሁድ ነው፣ ዲፓቫሊም ኖቬምበር 8 እሁድ። ማንም ምንም መምረጥ አይኖርበትም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ መስቀልም በአንድ ቀን ይገፋል፤ ዲፓቫሊ ዓርብ ኦክቶበር 29 ላይ ይውላል፣ መስከረም 17 ቀን 2020 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 28 ነው፣ ማክሰኞ።